የግርማ ፕሮግራምና የጎጆ ዝናብ

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1981

ዛሬም ፕሮግራሙን አልነካሁትም። የኮምፒዩተሩን አቧራ ጠረግሁ፣ ወረቀቱን አስተካከልኩ፣ ሽፋኑን መልሼ አለበስኩት። አለቃዬ ኦቦ ለማ ግን ቁርጡን ነግረውኛል፦ «እስከ ቅዳሜ የጎጆ ከተማ የአምና ዝናብ ከአምቦና ከወንጪው ጋር ተደምሮ ይውጣ። ካልሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ማሽኑን ይዞት ይሄዳል።» እኔም ወደ ድሮ ቦታዬ፣ ሂሳብ ክፍል፣ ደመወዝ መደመር። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልመለስም!

ፕሮግራሙን የጻፈው ግርማ ለትምህርት ሞስኮ ሄዷል። በተወልን ፕሮግራም ውስጥ የቁጥሮቹ ስም ኤ፣ ኪው፣ ዜድ ዘጠኝ... አንድ የማብራሪያ ቃል የለው። ጎበዝ ነበር ይላሉ። ጎበዝ እንዲህ ይጽፋል? በዓሉ ቶሎ በደረሰና በተገላገልኩ።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን 2

ደፈርኩ። ግርማ ካስገባው ከአምቦና ከወንጪ ቀጥሎ የጎጆን የአምና ዝናብ በየወሩ፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ፣ አስገባሁ። ማሽኑ «ቁጥር አለቀብኝ» ብሎ ቀጥ አለ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ምንም አልጎደለም። ታይፒስቷ ጫልቱ አንገቷን አስግጋ «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ፊትሽ ጠቁሯል» አለችኝ። ዘግቼ ወጣሁ። ውጭው ዶፍ ነው።

ዓርብ፣ ጳጉሜን 3

አገኘሁት! ፕሮግራሙ ውስጥ አሥራ ሦስት የሚል ቁጥር አለ። የግርማ ስህተት! የዓመት ደመወዝ ስደምር የኖርኩት ሴትዮ ወር ቁጠራ ልሳት? አሥራ ሁለት አደረግሁት። ሠራ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ከሰዓት ኦቦ ለማ ወረቀቱን አይተው «አልማዝ፣ የአምቦን ዝናብ ወንጪ ላይ አዘነብሽው እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የአንዱ ቁጥር ሌላው ላይ ገብቶ ሁሉም ተዛንፏል። አሥራ ሦስቱን መለስኩ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ግርማን ረገምኩት። ነገ ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 4

ጠዋት። ቀኑን ስጽፍ እጄ ቆመ። ጳጉሜን! ወይኔ ጉዴ! ሦስት ቀን ሙሉ አናቱ ላይ እየጻፍኩት! ደመወዝ ስለማይከፈልበት ከወር አልቆጠርኩትም። የአምቦውም የወንጪውም አለ፤ የጎጆውን ጳጉሜን እኔው ነኝ ያላስገባሁት። ልሩጥ።

ከሰዓት። ጨመርኩት፣ ማሽኑ ሳይንተባተብ ጨረሰ። ኦቦ ለማ «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ። መኪናው ወረቀቱን ብቻ ይዞ ሄደ።

ከአሥራ ሦስቱ ጎን በላቲን ፊደል «ጳጉሜን ጭምር» ብዬ ጻፍኩ። ይቺን ታህል! ግርማ ይቺን ጽፏት ቢሆን ኖሮ አቧራ ስጠርግ አልከርምም ነበር። ዜድ ዘጠኝ ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም። ሰኞ ዕንቁጣጣሽ ነው፣ ቢሮ ዝግ። ምነው በዓሉ ቶሎ ባለፈ።