የማላ እህት

ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ
ዛሬም አንሶላ መቀየር፣ መድኃኒት ማደል። ማስታወሻዬ፣ ማላ ደህና አይደለችም። እዚህ ስዊድን አረጋውያን ቤቱ ውስጥ ዓመታት አብረን ሠርተናል፤ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። እረፍት ላይ ጠየቅኋት። ልጇ ካቪያ የሟች አክስቷን ፎቶ ስልኳ ላይ አድርጋለች። እሑድ በአገራቸው ሰዎች መታሰቢያ ላይ ስለ ጀግንነቷ ልትናገር ነው።
አክስትየዋ በአገራቸው ጦርነት ከተገንጣዮቹ ጋር ተሰልፋ ነበር። ፈንጂ ታጥቃ ገበያ መሀል ራሷን ከሰው ጋር አፈነዳች።

ሐሙስ፣ ባቡር ውስጥ
ማላ አሁን አልቢ ጣቢያ ወረደች። ከመውረዷ በፊት የቀረውን ነገረችኝ። እህቷ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከመሞቷ በፊት ቤት መጣች። ተገንጣዮቹ አብረው የላኳት ጠባቂ፣ እሷም ሴት፣ ደጅ ቆማለች። እናታቸው ምግብ አቀረቡላት፤ አልነካችም። ማላን በጆሮዋ ደብቁኝ አለቻት። የት ይደብቋት? ተጠራች፣ ሄደች። ገበያው ውስጥ የሞቱት አትክልት ሻጭ ሴቶች ናቸው።
ካቪያ ይህን አታውቅም።

ሐሙስ፣ ከራት በኋላ
ባለቤቴ በሰው ጦርነት አትግቢ አለኝ። የራሳችንስ አልኩት። ሳህኑን አንስቶ ወጥ ቤት ገባ።

ቅዳሜ
ማላ ብቻዬን አልችልም ስላለች ቤቷ ሄድኩ። ስለ እህቷ ሁሉንም ለካቪያ ነገረቻት። ካቪያ በስዊድንኛ ነው የምትመልሰው።
«ጀግና ናት ሲሉኝ ለምን ዝም አልሽ?»
«እናቴ በሕይወት ነበረች። ሌላ መጽናኛ አልነበራትም።»
ካቪያ ክፍሏ ገብታ ዘጋች።

እሑድ፣ ከሰዓት
ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ከማላ ጋር መታሰቢያው ላይ ተገኘሁ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ራሳቸውን ያፈነዱት ሴቶች ፎቶ በአበባ ተከቦ ተሰቅሏል። ልጆች እኮ ናቸው፣ ማስታወሻዬ። ካቪያ መድረክ ላይ ወጣች። ወረቀቷን አጠፈችው።
«አክስቴ መሞት አልፈለገችም። ደብቁኝ ብላ ነበር። የገደለቻቸው ሴቶችም ማታ ቤታቸው ሊገቡ ነበር።»
ማይኩን ዘጉባት። ጩኸት። እኔ ማላን ይዣታለሁ። በዚህ መሀል አንዲት አሮጊት ተነሡ። ከግድግዳው አንዱን ፎቶ አወረዱ። የልጃቸው ነው አለችኝ ማላ። ኮታቸው ውስጥ ከተው ወጡ። ማንም አልከለከላቸውም።

ሰኞ፣ ጠዋት
ትናንት ለማላ ተደወለላት። ልጅሽን ዝም አሰኚ፣ እምቢ ካለች እኛ እናሰኛታለን። ስሙን አልተናገረም፤ ድምፁን ግን ታውቀዋለች። ማላና ካቪያ እኛ ቤት አደሩ። ባለቤቴ ሳልጠይቀው ሶፋውን ዘረጋላቸው።
ማላ ለፖሊስ ማመልከቱ ይቅርብን ትላለች። ካቪያ አይቀርም ትላለች። ሥራ አስፈቅጃለሁ። ፖሊስ ጋ አብሬያቸው እገባለሁ፤ ስሜንም ምስክር ብዬ አስመዘግባለሁ።