የንጉሡ ነጭ ቀሚስ

ለእህቴ ለእቴናት፣ ለእታለሜ፤

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣ በሚነፍስበት ቤት እየባሰብሽ ነው? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ይበላልሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ቢያማትም ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን አልተወችም። ልጅሽ ሕይወት ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት እናትሽን ሳትበልጪያት አትቀሪም እያልን እናበሽቃታለን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም።

የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ስልክሽን ከወሰዱብሽ ወዲህ ወሬሽን የምንሰማው በሰው አፍ ነው። ለፈቃድ የመጣችው የዳንግላዋ ሜላት መልእክትሽን አድርሳልናለች። ይህንንም ደብዳቤ በሻንጣዋ ገበር ውስጥ ሰፍታ ልታመጣልሽ ቃል ገብታልኛለች። አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው። የአገሩንም የሰውየውንም ስም ያልጻፍሁት ለዚሁ ነው።

ንጉሡ አልጋቸው ላይ እንዳሉ ማረፋቸውን፣ አንቺም ጥቁር መልበስሽን፣ የነገሠው ልጃቸው ለሌላ ሦስት ዓመት ፈርሚ እንዳለሽ ነግራናለች። እናታችን ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። የላክሽውን የቀን መቁጠሪያ ታስታውሻለሽ፤ ሰውየው ነጭ ቀሚስ ለብሰው ፈረስ ላይ የተቀመጡበትን። ከማርያም ሥዕል አጠገብ ሰቅላው ስንት ዓመት ኖረ። ልጄን ያበሉ ናቸው ብላ ንፍሮ ቀቅላ ጎረቤት ጠራች። ከእርሻ ስገባ ቤቱ ሞልቶ ነፍስ ይማር ይላል። እቴናት፣ ዓይኔ ደም ለበሰ። ፎቶውን ከግድግዳው ገንጥዬ ቦጫጭቄ ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። እናታችን በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በጥፊ አጮለችኝ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመት የዋጥሁትን አወጣሁት። እሷ ከሰማች፣ አንቺም ሳትፈርሚ መስማት አለብሽ።

ወንድማችንን ደረሰን ፈረስ ረግጦ አልገደለውም።

ሰውየው እንዴት እንደነገሡ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሚወራውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በረሃ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ተወለዱ፤ በግመል ወተት አደጉ፤ ታላቅ ወንድማቸው ከፈረስ ወድቀው ሲሞቱ እያለቀሱ ዙፋን ላይ ወጡ ይባላል። ድንኳኑና ወተቱ እውነት ይሆናል። እኔና ደረሰ ግን ያን ጧት የቤተ መንግሥቱን የፈረስ ጋጣ ስንጠርግ ሦስት ጥይት ሰማን። ብቅ ስንል ታላቅየው ንጉሥ ከዳማ ባዝራቸው እግር ሥር ተዘርረዋል፤ ታናሽየው ሽጉጣቸውን በመሐረብ ይወለውላሉ። ከዚያ የሟቹን ዘበኞች ከጋጣው ግድግዳ እያስጠጉ ረሸኗቸው። ቀትር ላይ ሟቹን አሸዋ አለበሷቸው። ሙሾ የለ፣ ደረት የሚመታ የለ።

ደረሰ ያቺን ባዝራ ስድስት ዓመት የያዘ ነው። ፈዝዞ ቀረ። ነገሩን የቆሰቆስሁት እኔ ነኝ፣ እቴናት። ጌታህ እንደ ውሻ ሲቀበሩ ዝም ትላለህ ወይ፣ ለአባታችን ፈረሱን በባዶ ኮርቻ ስበን አላለቀስንም ወይ አልሁት። እዚህ እንዲህ ያለ ለቅሶ አያውቁም፣ ይቅርብን ብሎኝ ነበር። እኔን ደግሞ እልህ ያዘኝ። በእኛ አገር ገዳይ ይሸሻል እንጂ ለቅሶ ሲከለክል አይቼ አላውቅም፤ እዚያም እንደዚያው መስሎኝ። ኮርቻውን የጫንሁት እኔ ነኝ። የሟቹን ጎራዴ ከኮርቻው ያንጠለጠልሁትም እኔ ነኝ።

ደረሰ ባዝራዋን እየሳበ መኳንንቱ እንኳን ደስ ያለዎ ሊሉ ከተሰበሰቡበት ሜዳ ገባ። ፈረስህ መጥታለች፣ አንተ የት ቀረህ እያለ በአገውኛ አለቀሰ። ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም። ባዶ ኮርቻና ጎራዴ ሲያዩ ግን ደም መላሽ የሚጠራ መሰላቸው፤ አንዱ ሹም ይህ ባሪያ በቀል ይጣራል ብሎ ጮኸ። ሰውየው ተነሣ። ከዚህ ወዲያ አንቱ ልለው አልችልም። መጀመሪያ ባዝራዋን ግንባሯን አላት። ደረሰ አንገቷን እንዳቀፈ አብሯት ወደቀ። ያ ሰው በአንገትጌው አንሥቶ፣ ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ ሁለት ጊዜ ተኮሰበት። እኔ አሥር እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። አልሮጥሁም፣ አልጮኽሁም።

ጉድጓዱን ያስቆፈሩት እኔን ነው። ከባዝራዋ ጋር አንድ ላይ ቀበርሁት። እህትህ እልፍኝ ውስጥ ናት፣ አንድ ቃል ብትተነፍስ እሷንም እዚሁ እንጨምራታለን አሉኝ። ስለዚህ ፈረስ ረገጠው አልኋችሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ሆስፒታል ሠራ፣ መንገድ ዘረጋ፣ የጎረቤት አገር ከተማ በአውሮፕላን አነደደ፣ በየዓርቡ አንገት አስቀላ። በቴሌቪዥን ግን ሕፃን ሲስም ነው የሚያሳዩት። ለአንቺ ደግ እንደነበረ አልክድም። አንቺ ምን ታውቂ!

እናታችን ሰባት ቀን አኮረፈችኝ። በስምንተኛው ቀን ተነሥታ የደረሰ ለቅሶ እንደገና ይቀመጥ፣ ግን እቴናት ሳትመጣ አይሆንም አለች። የኮሶበር ፈረሰኞች እንመጣለን ብለዋል። ፈረሱን የምስበው እኔ ነኝ። ያን ቀንም እኔ መሳብ ነበረብኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ዕለት ከሰዓት በእልፍኙ ጓሮ ልብስ ስታጥቢ አገኘሁሽ። የእሱ ነጭ ቀሚስ ነበር። ለሹመቱ ግመል በእጁ ሲያርድ ተረጭቶበት ነው ብለውሻል። ደሙ አልለቅ ብሎኝ ሦስት ውኃ ለወጥሁ፣ ግን አጠራሁት ብለሽ ወደ ብርሃን ዘርግተሽ አሳየሽኝ። እኔም ጎሽ አልሁሽ። እታለሜ፣ የደረሰ ደም ነበር።

አትፈርሚ፤ ነይልን።

ባለቤቴ ሸጋ ሰላም ብላሻለች። ልጅሽ ሕይወት እጅሽን ትስማለች፤ ስጦታ አልፈልግም፣ እሷ ብቻ ትምጣ ብላለች። እናታችን ጉንጭሽን አገላብጣ ትስምሻለች፤ ጥቁሩን እንዳታወልቂው፣ ለወንድምሽ ይሁንልሽ ትልሻለች።

ወንድምሽ ይኸነው
ዘንገና፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.