መሻገሪያው ላይ ቆሜ የሰማሁት

ሰሜን ኩዊንስላንድ፣ አውስትራሊያ
ሐሙስ፣ ኦገስት 15 ቀን 2019

ካርላዬ፣

...አንቺ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመሻል፣ እኔ ደግሞ ቦት ጫማዬን እያወለቅሁ ነው። ነገሩን ነግረሽኝ ጨርሰሻል። እኔ ገና አንዱን እግሬን ነው ያወለቅሁት። ያን ጊዜ ነው ያንን ጥያቄ የጠየቅሁሽ። በሩን ከኋላሽ ዘግተሽ ሄድሽ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ባለፈው ሐሙስ ጥያቄውን እንደገና ሰማሁት። ጥቁር ካባ የለበሰ ጠበቃ፣ በጨዋ ድምፅ፣ ቃል በቃል።

ከአክስትሽ አድራሻሽን ለምኜ ነው ያገኘሁት፤ እሷን አትቆጪያት። ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ለጁሪ ጠሩኝ፣ ከአሥራ ሁለቱ ፈራጆች አንዱ እንድሆን። ከመቶ ሰው መሃል ቁጥሬ ከሣጥኑ ወጣ። ወደ ወንበሩ ስትሄጂ ከሁለቱ ጠበቆች አንዱ «እቃወማለሁ» ካለ ትመለሻለሽ። ያቺ መንገድ አሥር እርምጃ ናት፤ ረዘመችብኝ። እንዲመልሱኝ ጸለይኩ። ማንም ምንም አላለም። ሰባተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ልጅቷ ሌይማስ ትባላለች። ከቫኑዋቱ፣ ቶንጎዋ ከምትባል ደሴት ሙዝ ልታሽግ የመጣች፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ክሱ አለቃዋ ዋረን ቲግ እጇን ይዞ ጎትቶ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ እንዳስገባት፣ በሩን ስትይዝበት ጣቶቿ ላይ እንደዘጋባት፣ ከዚያም ቆልፎባት እንደሄደ ነው። ሁለት ጣቶቿ አሁን አይታጠፉም። ስትምል መጽሐፍ ቅዱሱን የያዘችው በዚያው እጇ ነው። እሱ ግን በሩ በራሱ ክብደት ተዘጋ ይላል፤ መጎተትም መቆለፍም የለም ይላል።

ጠበቃው ተነሣ። «ከአርባ እርምጃ ርቀት ላይ ሁለት ሰዎች ሣጥን ይጭኑ ነበር። ሁለቱም ምንም አልሰማንም ብለዋል። ለምን አልጮኽሽም?»

«ጮኼያለሁ» አለች። «ባቡሩ እያለፈ ነበር።»

«የሸንኮራ አገዳው ባቡር?» ፈገግ ብሎ ወደ እኛ ዞረ። «ያቺ አሻንጉሊት?»

ከኛ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ካርላ፣ ሳቁ! ሌይማስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ታያለች። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ያቺን አሻንጉሊት ነድቻለሁ። ተነሥቼ ካባውን አፉ ውስጥ ልጠቀጥቅለት ምንም አልቀረኝም። ግን ከዚያ ወንበር ላይ መናገር አይፈቀድም። አሥራ ሁለት ሰው ይሰማል፣ ይጽፋል፣ ዝም ይላል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዳኛዋ አስጠንቅቃን ነበር። በራሳችሁ አትመርምሩ፤ ቦታውን ሄዳችሁ አትዩ፤ እዚህ የሰማችሁትና ያያችሁት ብቻ ነው ማስረጃው። ወረቀቱ የምንመካከርበት ክፍል ግድግዳ ላይም ተለጥፏል፣ ከሻይ ማፍያው በላይ። በየቀኑ ሻይ ስቀዳ አነበዋለሁ። አንድም ቀን እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ መኪናዬን ወደ ሙዙ ማሸጊያ ነዳሁ። የማውቀው መሻገሪያ ነው፤ ሐዲዱ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ያልፋል። የመኪናውን ሬዲዮ እስከ መጨረሻው ከፍቼ በሩን በረገድኩትና አርባ እርምጃ ቆጥሬ ቆምኩ። ዘፋኙ ጆሮዬ ሥር ያለ ያህል ይጮኻል። ባቡሩ መጣ፤ መቶ ስድሳ ባዶ ፉርጎ። ነጂው ፍሬን ሲነካ ፉርጎዎቹ ተራ በተራ ይጋጫሉ፤ ከፊት የጀመረው እስከ ኋላ ይንኳኳል። ዘፋኙ ጠፋ። በሰዓቴ ያዝኩት፣ ሁለት ደቂቃ ከግማሽ። አንዲት ቃል አልሰማሁም።

እዚያው ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። «ያዝኩህ!» አልኩ። ለማን እንዳልኩት እንጃ።

ሰኞ ቀትር ላይ እንድንመካከር በሩ ተዘጋብን። ከዚህ በኋላ የምጽፈውን መንገር ወንጀል ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የተባለ እዚያው ይቀራል። ይክሰሱኝ። በሌላውም ሊከሱኝ አይደል!

መጀመሪያ ሰባታችን ጥፋተኛ ነው ስንል አምስቱ አይደለም አሉ። የሚፈለገው ደግሞ የሁላችንም አንድ ቃል ነው። ወደ ማታ ሲል ሁለት ሰው ብቻ ቀረ፤ አንዱ ሥጋ ሻጩ ክሌም ነው። እልኸኛ፣ ግን ክፉ አይደለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሎኮሞቲቭ ውስጥ ተቀምጠህ ጆሮህ ደንቁሯል» አለኝ። «ለአንተ ሁሉም ነገር ጸጥ ያለ ነው!»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ክሌም ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከረ «እንግዲህ የባቡሩን ነገር ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ። እንዲህ ካልክ እንዲህ ይሁን» አለ። እጅ ሰጥቶ ነበር እኮ! ያንን ብስኩት ጎርሶ ቢጨርስ አሥራ አንድ እንሆን ነበር፤ የቀረችው ሴትዮ ደግሞ አፏን ከፍታ እሱን ነበር የምታየው።

እኔ ግን አልበቃኝም። «ማወቅ ብቻ አይደለም» አልኩ። «ትናንት ሄጄ በሰዓት ለክቼዋለሁ።»

ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ቨርና፣ ድሮ ፖስታ ቤት የነበሩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኢላሪዮ፣ ሄድኩ ነው ያሉት?»

«አዎ፣ ሬዲዮ ከፍቼ—»

«በቃ። ሌላ አይንገሩን።»

ወረቀት ወስደው መጻፍ ጀመሩ። ለመንኳቸው። «ወይዘሮ ቨርና፣ ለልጅቷ ብዬ ነው። አልሰማንም ማለት ይቻላል» አልኩ። ቀና ብለው አላዩኝም። እስክሪብቶው ወረቀቱን ይጭራል። ክሌም ጠረጴዛውን በጡጫ መታው፤ «ምናለ ዝም ብትል! ሽማግሌ!» አለኝ። ወይዘሮ ቨርና በሩን አንኳኩተው ወረቀቱን ለችሎት አስከባሪው ሰጡት።

ዳኛዋ አስቀርባኝ ጠየቀችኝ። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት። ጠበቆቹም ይሰማሉ። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ነድተዋል» አለች። «ያንን ዕውቀት ይዘው ነው የገቡት፤ ማንም አይነጥቅዎትም። እሱን ብቻ ቢናገሩ ይበቃ ነበር። ወጥተው ያመጡት ግን ማንም ሊመረምረው ያልቻለ ማስረጃ ነው። ነፋሱ ከየት እንደነበር፣ ያን ቀን ስንት ፉርጎ እንደነበር፣ ማን ይጠይቅዎታል?»

ነፋሱን አላየሁም ነበር።

አሥራ ሁለታችንንም አሰናበተችን። የአምስት ቀን ምስክርነት እንዳልነበረ ሆነ። ቲግ ሰዓቱን አየ። አስተርጓሚዋ ወደ ሌይማስ ጎንበስ ብላ ነገረቻት። ሌይማስ «እንደገና?» አለች፣ ሁላችንም እንድንሰማው በእንግሊዝኛ። «እንደገና ልናገር?»

አዲሱ ችሎት ማርች ላይ ነው። የሥራ ፈቃዷ በዚህ ሳምንት ያልቃል። ኮሪደሩ ላይ ለዐቃቤ ሕጓ ስትነግራት ሰማሁ፤ አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልመለስም አለች። እሷ ከሌለች ክሱም የለም። እኔን ደግሞ ሰኞ ፖሊስ ይፈልገኛል። ይፈልገኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ የተናደድኩት በጠበቃው ነበር፣ በወይዘሮ ቨርና፣ በሕጉ፣ በዚያ በተለጠፈ ወረቀት። አሁን ያቺ እሑድ አትለቀኝም። ልጅቷን አምኛታለሁ እል ነበር። ካመንኳት ሬዲዮ ይዤ ምን ልሠራ ሄድኩ? ቃሏ ለምን አልበቃኝም? አርባ እርምጃ የቆጠርኩት ለማን ነው?

የሠርጌን ፎቶ ከግድግዳው አውርጃለሁ። ሚዜዬ፣ ያን ቀን ወጥ ቤት ስሙን የነገርሽኝ ሰው፣ ከእኔና ከእናትሽ መሃል አንገቱን አስግጎ ነው የቆመው፤ ልቁረጠው ብል አይሆንም። ባለፈው እሑድ እንደ ልማዱ ለምሳ ሲመጣ አልከፈትኩለትም። ዘግይቻለሁ፤ አውቃለሁ።

መልስ ጻፊልኝ አልልሽም። አንቺ ምንም ማስረዳት የለብሽም፣ ለእኔም ለማንም። ቅድስት ሉቺያ ዓይንሽን ትጠብቅልኝ፤ እንጀራሽ ይባረክ፤ ክፉ ሰው ደጅሽን አይርገጥ። የምትናገሪውን በመጀመሪያ ቃልሽ የሚያምን ሰው ይስጥሽ።

አባትሽ
ኢላሪዮ

ይህን ልልከው ወጥቼ ነበር፤ ፖስታ ቤቱ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ሠራተኞቹን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው ሚኒባስ ቆሟል። ሌይማስ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች፣ ያን እጇን በሻርፕ ጠቅልላ። አየችኝ። አወቀችኝ መሰለኝ፤ ሰባተኛው ወንበር። መንገዱን ተሻግሬ አንድ ቃል ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

ሾፌሩ በሩን ሳበው። ተዘጋ።