ስድስት መቶኛው ሰው

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ለኦኔዚም ጋኞን፣ ኦሪገን፣ ከዛፍ ቆራጮቹ ሰፈር።

ወንድም ጋሼ፣ በረዶው ከጣለበት ቀን ጀምሮ ወንዛችን እስከ ሞላበት እስከ ዛሬ እንዴት ከርመህልኛል? ያ ግንድ የወደቀበት ትከሻህ ብርድ ሲመጣ ዛሬም ይቆረጥምሃል? እትዬ ቪዮላስ ሳሏ ለቀቃት? ልጆቹስ? ሬሞን በቁመት በለጠህ ሲሉኝ ማን ያምናል ብያለሁ፤ ፎቶግራፍ ላክና ልመን። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የተጎዳው ሰው ስቆጥር ነው። አትደንግጥ፣ ነገሩን ከሥሩ ላጫውትህ።

የሱፍ ፋብሪካው ሁለተኛውን ፎቅ ከዘጋ ወዲህ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት እንደምሠራ ጽፌልህ ነበር። እንግዲህ በመጋቢት ወር ከአውራጃው ደብዳቤ መጣ። በዘንድሮው ቆጠራ ከስድስት መቶ ነፍስ በታች የተገኘበት ከተማ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ልጆቹም ከጎረቤት ከተማ ይማራሉ ይላል። ጎረቤት ማለት ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለው ባርሎ ነው! በቤዝቦል ሲያሸንፉን ደወል የሚደውሉ፣ ስናሸንፋቸው ዳኛው ሰክሯል የሚሉ እነዚያው ባርሎዎች። እኔ በበኩሌ የልጆቹም ነገር የእንጀራዬም ነገር እኩል አስጨነቀኝ።

አንተ ስትሄድ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ነበርን። ጠዋት ፈረቃ ስንገባ ድልድዩ ላይ ክርን ለክርን እየተጋፋን፣ አየርላንዱ በእንግሊዝኛ፣ ፖላንዱ በፖላንድኛ፣ እኛ በፈረንሳይኛ ስንሰዳደብ ትዝ ይልሃል። ጌቶቹ አብዛኞቹን የሽመና መኪኖች ጭነው ወደ ደቡብ ከወሰዱ በኋላ ግን ከተማችን በፈላ ውኃ እንደታጠበ ሱፍ ተኮማተረ።

የከተማው ጸሐፊ ኦርቪል ታትል ቆጣሪ አድርጎ የመረጠኝ የማላንኳኳው በር ስለሌለ ነው። ኦርቪልን ታውቀዋለህ፣ ክራቫቱን እንዳሰረ ይተኛል የሚባለው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ከረምኩ። ሁለት ቦታ ውሻ አባረረኝ። አንዲት አሮጊት ዕድሜዋን ብጠይቃት "ቀድመሽ የራስሽን ተናገሪ" አለችኝ። ሁሉንም ስደምር አምስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ። ደግሜ ብደምር ያው። ኦርቪል ላቡን እየጠረገ "ለምን ወንድምሽን ኦኔዚምን አትጽፊውም? ካፖርቱ እስካሁን ቁም ሣጥንሽ ውስጥ ተሰቅሎ የለ?" አለኝ። "ካፖርት ከተቆጠረማ ሟቹ ባሌ ሦስት አለው" አልኩት። አየህ፣ ለጥቂት ሳታውቀው እዚህ ነዋሪ ልትሆን ነበር።

ያልተቆጠሩ አንድ ሰው ብቻ ቀሩ፤ ጋሽ ኢባን ዊትከም። ከፏፏቴው በላይ በወንዙ መካከል ባለችው የከተማችን ደሴት የሚኖሩት፣ ጀልባቸውን ስለሰረቅን በአርጩሜ የገረፉን። ዛሬ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በዕድሜያቸው አንድም ጊዜ ተቆጥረው አያውቁም። ባቄላ በአሳማ ሥጋ ሠርቼ፣ በድስቱ እንዳለ በጀልባ ይዤላቸው ሄድኩ። ቤታቸው ከወትሮው የጸዳ ነበር፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። "ጋሽ ኢባን፣ አንድ መስመር ብቻ ነው የምጽፈው" ብላቸው፣ "እኔ የወንዙ ነኝ። ወንዝ ደግሞ ማን ቆጥሮት ያውቃል?" አሉኝ። ባቄላውን ግን ተቀበሉ። ሁለተኛውን ሰሃን ሲጨርሱ የሆዳቸውን አወጡት።

ነገሩ የኦርቪል መጽሐፍ ነው። ከተማችን ዘንድሮ መቶ ሃምሳ ዓመት ስለሞላት ታሪኳን እያሳተመ ነው። እንደ እሱ አጻጻፍ ቅድመ አያቱ ካፒቴን ጆሳያ ታትል ከኮረብታው ላይ ቆመው፣ ፏፏቴውን በትንቢት ዓይን ተመልክተው "እዚህ ፋብሪካ ይቁም!" አሉ። ጋሽ ኢባን የሚሉት ሌላ ነው። ሰውየው የምንም ካፒቴን አልነበረም፤ ሱፍ ጭኖ ወደ ገበያ ሲወርድ ጀልባው ላይ እንቅልፍ ወሰደውና ከደሴቷ ዓለት ጋር ተላተመ። ከውኃው በፀጉሩ ጎትታ ያወጣችው ደግሞ የጋሽ ኢባን ቅድመ አያት ታንክፉል ዊትከም ናት። ሱፉ በስብሶ ባዶ እጁን አገሩ መግባት ስላፈረ እዚሁ ቀረ። "ስሟ ይጻፍ፤ በስብሰባ ፊት ይነበብ። ያን ጊዜ እቆጠራለሁ" አሉኝ። የሚያፌዙ መስሎኝ ቀና ብል ሰሃኑን ገፋ አድርገው ትክ ብለው ያዩኛል። ወንድም ጋሼ፣ ዘመዶቻቸውን ሁሉ ቀብረው የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ሲያልፉ ያቺን ሴት የሚያነሣት የለም።

ኦርቪል ይህን ሲሰማ "ሞቼ እገኛለሁ!" አለ። "ከሞትክማ አምስት መቶ ዘጠና ስምንት ልንሆን ነው፣ ቁጭ በል" አልኩት። "ደግሞስ ቅድመ አያትህ ባይተኙ ኖሮ አንተ ከየት ትመጣ ነበር?" አልኩት። ሁለት ቀን ምግብ አልበላም ብላ ሚስቱ ነገረችኝ። በሦስተኛው ቀን ብዕሩን አነሳ።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ጋሽ ኢባን በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ክራቫት አስረው ከኋላ ቆሙ። ኦርቪል ተነሥቶ "ካፒቴኑ ለጥቂት ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ሳለ" ብሎ ቢጀምር፣ ሽማግሌው ከኋላ "ተኝቶ በል!" አሉት። ኦርቪል ዋጥ አድርጎ "ተኝተው ሳለ" አለ። "እያንኮራፋ!" አሉ። ኦርቪል ፊቱ ደም መስሎ "ማንኮራፋታቸውን የሚያስረዳ ሰነድ የለም!" ብሎ ሲጮህ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የታንክፉል ዊትከም ስም ሲነበብ ግን ጋሽ ኢባን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው "ጻፊ" አሉኝ። "ስንት ልበል?" ብላቸው "ሁለት" አሉ። ዘወር ብለው "ነይ ግቢ እንጂ፣ ምን ያሳፍርሻል?" ቢሉ፣ ማን ከበሩ ብቅ ትበል? ሚርትል ፖተር፣ የባርሎዋ ባለ ዶሮ መበለት! ከጥቅምት ጀምሮ ተጋብተው ኖረዋል ለካ። የሁለቱንም ከተማ ምላስ ፈርተው ነው የደበቁት። በባርሎ ቆጣሪ የተቆጠረችውም ዶሮዎቿን ልትወስድ አሮጌ ቤቷ በሄደችበት ቀን ነው። ባርሎዎች ስድስት መቶ ሞላን ብለው ደወል ደውለው ነበር። እሷ ስትፋቅ አምስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ቀሩ። እኛ ስድስት መቶ አንድ ሆንን! ኦርቪል በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወረቀቱን አውራጃው ድረስ አደረሰ። እኛም ድልድዩ ላይ ወጥተን ድስት እየደበደብን ጨፈርን፤ አልዋሽህም፣ የጮህኩት እኔ ነኝ ከሁሉ በላይ።

በሦስተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። የባርሎ ትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ሄዝል ክሮስ ናት። ያው ትምህርት ቤቷ መዘጋቱ ነው። ልትሰድበኝ የመጣች መስሎኝ መጥረጊያ ያዝኩ። እሷ ግን በሩ ላይ እንደቆመች "መስከረም ላይ ልጆቼ ወደ አንቺ መምጣታቸው ነው። ዊልበር እንቁላል ሲቀምስ ያብጣል፤ አደራሽን። ትንሿ ኔል አጠገቧ ካልቆሙ አትበላም" አለችኝ። ስለ ራሷ አንድም ቃል አልወጣትም። ወንድም ጋሼ፣ አንድ ሰው በእኛ በኩል ጎድሎ ቢሆን ኖሮ በእሷ በር ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ።

መጥረጊያውን ጥዬ ኦርቪል ዘንድ ሄድኩ። ስልሳ አፍ ስለሚጨመርብኝ ሁለተኛ ወጥ ሠሪ ይቀጠርልኝ አልኩት። "ለባርሎ ሴት?" ብሎ ዓይኑን አፈጠጠ። "ካልሆነ በመስከረም አንተ መጥተህ ድንች ላጥ" አልኩት፤ ፈረመ። ትናንት ለሟች ወታደሮች መታሰቢያ ቀን አብረን ባቄላ ጣድን። ይህቺ ሴት ባቄላ ውስጥ ሰናፍጭ ትጨምራለች! በዓይኔ ባላይ ኖሮ ማንንም ባላመንኩ። ተቆጣኋት፤ እሷም "የናንተማ ለምን እንደሚጣፍጥ ሁሌ ይገርመኝ ነበር፤ ለካ አይጣፍጥም" ብላ መለሰችልኝ። ዘወር ስትል በማንኪያ ቀመስኩ። ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ላለ ሰው እንዳትጽፍ፤ የኔን ይበልጣል።

እትዬ ቪዮላን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ፤ ለሳሏ ማርና ሽንኩርት ትሞክር። እናቷንም ጆሯቸው ድረስ ጎንበስ ብለህ ሰላም በልልኝ። ሬሞን ቁመቱን ትቶ ፊደሉን ያሳድግ። ክሎዴት የጠየቀችኝን የሱፍ ሹራብ ጀምሬላታለሁ፤ እጅጌው አንዱ ቢረዝም የጉልበቴ ሕመም ነው በላት። ጋሽ ኢባን "ለዚያ ለጀልባ ሌባ ሰላም በይልኝ" ብለዋል።

እህትህ ሊዮካዲ
ሃርላን ፎልስ፣ ቨርሞንት
ሜይ 31 ቀን 1950