የአባባ ወፍጮ ገዢ

ባሕር ዳር፣ ፔዳ
ጥቅምት 14

ለውድ እህቴ፣

እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ከማርመው የፈተና ወረቀት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ ልል ነበር፤ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ «ገበያ ወጥቷል» አልሽኝ። የዱር ቤቴ ገበያ በየቀኑ መቆም መጀመሩን አልሰማሁም ነበር።

የጻፍሁልሽ ስልክ ስለምትዘጊብኝ ነው፤ ወረቀት አይዘጋም። ነገሩ ሰባታሚት ያለው የአባባ ወፍጮ ነው። ወንድማችን አምባቸው የናፍታውን ሸጠን የመብራት እንግዛ ብሎ ሒሳቡን በሁለት ገጽ ሠርቶ አመጣልኝ። ከሦስታችን የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። አንቺ፣ አንድ ኪሎ በርበሬ ሳትከራከሪ የማትገዢው፣ ቀድመሽ ፈርመሻል።

አዲሱ ከነማስተከያው ስድስት መቶ ሃያ ሺህ ብር ነው። አሮጌው ዘጠና ሺህ ስለሚያወጣ ከኪሳችን የሚወጣው አምስት መቶ ሠላሳ ሺህ ይሆናል። ናፍታው ቀርቶ መብራቱ ሲከፈል በወር አሥራ አራት ሺህ ይተርፋል፤ በሦስት ዓመት ከሁለት ወር ወጪውን ይመልሳል። እስከዚህ ለተማሪዎቼ ባሳየው አላፍርም። ዓምና ለሞተሩ እድሳት ያወጣነውን አርባ ሺህም አልቆጠረውም። ልክ ነው፣ የወጣ ወጥቷል። እንደ መምህር ተቀበልሁት፤ እንደ ወንድም ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ችግሩ በአምባቸው ወረቀት ላይ መብራት ጠፍቶ አያውቅም። ደግሞም አዲሱ ወፍጮ በወር ሠላሳ ቀን በገንዘብ ይፈጫል። አባባ በስለቱ በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ ለድኾች በነጻ ሲፈጭ የኖረውስ የት ገባ?

ከሁሉ የከነከነችኝ ግን ዘጠና ሺህዋ ናት። ሹም አቦ ያለውን መካኒክ ገድሉን ጠየቅሁት። «ዓይኔን ጨፍኜ መቶ ስልሳ» አለኝ። ሰባ ሺህ ማለት አምስት ወር ሙሉ የምንለፋበት ትርፍ ነው። አምባቸው ሊበላን ነው አልሁ። እኔን ብቻ ሳይሆን አንቺንም። ይህን ደብዳቤ የጀመርሁት ላስጠነቅቅሽ ነበር።

እሑድ ሄጄ አምባቸውን ያዝሁት። ገዢው ማነው ስለው «ነጋዴ ነው ጋሼ» አለኝ። የየት አገር? «መብራት ያልገባበት።» በዘጠና ለምን? «ያለው ይችው ናት፤ አታድርቀኝ እንጂ!» የሃያ አንዷስ ስለት ስለው ፊቱ በራ። ገዢው ተቀብሏታል፣ ከአሮጌው ወፍጮ ጋር ትሄዳለች አለኝ። በወር አንድ ቀን በነጻ ልፍጭ ብሎ ወፍጮ የሚገዛ ነጋዴ በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብሁም። ደግሞ ሳይጠነቀቅ ጨመረልኝ፦ ገዢው ዘንጉ የሚሽከረከርበት የግራው ኩሽኔታ አሁንም እንደ ሕፃን ያለቅሳል ወይ ብሎ ጠይቋል።

ያ ኩሽኔታ ያለቅስ የነበረው አባባ በሕይወት ሳለ፣ አንቺ በሩ ላይ ሚዛን ትይዢ በነበረ ጊዜ ነው። ከተቀየረ ስምንት ዓመቱ፤ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ያን ጊዜ እዚያ የነበረ ሰው ብቻ ነው።

ሌላ ጥያቄ አልጠየቅሁም። ሰኞ ፈረምሁ። በዘጠና ሺህ። ለተማሪዎቼ ግን ይህን ምሳሌ አላቀርብም።

ገዢውን ባጋጣሚ ካገኘሽው ንገሪልኝ። የአባባን የድንጋይ መውቀሪያ በጨርቅ ጠቅልዬ ከወፍጮው ጋር አስጭኛለሁ፤ ዋጋ የለውም። ድንጋዩ ሳይወቀር እንዳይፈጭበት። ቺንጋ፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ መግጠም ግን ለብቻ አይሆንም፤ አንዱ ሲስብ ሌላው መያዝ አለበት። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ከሌለ አይፈር። እኔ ቅዳሜ ሥራ የለኝም።

የሃያ አንዷ እመቤት በወጣሽ በገባሽ ቁጥር አትለይሽ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያው ተጠራጣሪው
ወንድምሽ