ከጣሪያችን ወርዶ አበባ ስለተተከለበት ጎማ

ሶዶ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የከተማችን የጽዳትና ውበት ኃላፊ፣

እርስዎና ቤተሰብዎ፣ የቤትዎ ጣሪያም ጭምር፣ በደህና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ ድምፄ የማይሰማ ልጅ ስለሆንኩ፣ ለባለሥልጣን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ይህንን በሰፈራችን ሰሌዳ ላይ የምለጥፈውም ፊት ለፊት መናገር ስለማልችል ነው።

አንደኛ፣ ላመሰግን። እንግዶች ይመጣሉ በተባለበት ሳምንት ሠራተኞችዎ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ቤቶች ጣሪያ ላይ አሮጌ ጎማዎቹን ሁሉ አውርደው ስለወሰዱልን፣ ሰፈራችን ከመኪና ውስጥ ሲያዩት አምሯል። ቆርቆሮውን ነፋስ እንዳያነሳው የተጫኑ መሆናቸውን እናቴ ልታስረዳቸው ብትሞክር፣ "እህታችን፣ ያገለገለ ጎማ እኮ ቆሻሻ ነው" ብለው አስተምረዋታል።

ሁለተኛ፣ ጎማዎቹን ባለማቃጠላችሁ አድናቆቴን እገልጻለሁ። ቀለም ቀብታችሁ በጽሕፈት ቤታችሁ ግቢ ደርድራችሁ አበባ ተክላችሁባቸዋል፤ እንግዶቹም "ቆሻሻን ወደ ሀብት" ከሚለው ባነር ሥር ፎቶ ተነሥተዋል። የእኛን አረንጓዴ ብትቀቡትም አውቄዋለሁ። አባቴ ለሥራ ወደ ሃላሌ ከመሄዱ በፊት፣ ዝናብ እንዳያቁር ብሎ የበሳቸው ቀዳዳዎች አሉት።

ሦስተኛው የነፋሱ ነገር ነው። እሑድ ዕለት ከእናቴ አልጋ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ገንጥሎ ጣለው። እናቴ ወልዳ ዱቦ ሆስፒታል ስለተኛች አልጋው ላይ ሰው አልነበረም፤ ለዚህ የማመሰግነው እርስዎን ሳይሆን እግዚአብሔርን ነው። ጎረቤታችን ሚልክያስ መልሶ ቢመታውም እንጨቱ አርጅቶ ምስማር አይዝም። "ክብደት ይፈልጋል። ድንጋይ ግን አልጭንልሽም፤ ተንከባሎ ሕፃኑ ላይ ቢወድቅስ?" አለኝ።

ስለዚህ ትናንት ግቢዎ ድረስ መጥቼ ጎማችን እንዲመለስልን ለመንኩ። ጥበቃው ጋሽ ብሩ አዝነውልኝ ወደ ውስጥ ገብተው ጠየቁልኝ። ሲመለሱ፣ "ልጄ፣ ድሮ ጎማ ነበር፤ አሁን የአበባ መትከያ ነው። የአበባ መትከያ ደግሞ ለጣሪያ አይሰጥም ተብሏል" አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ለካስ ጎማው ቆሻሻ የነበረው እኛ ጣሪያ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለከተማው ውበት ጣሪያዋን ያበረከተች ታዛዥዎ፣

ኢየሩሳሌም ኤርሳዶ

ሳልጽፈው የቀረ፦ እናቴ ሕፃኑን ይዛ ከነገ ወዲያ ትመጣለች። ነገ ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ጎማችንን እወስዳለሁ። አበባውን ግን አልጎዳውም፤ ከነአፈሩ ወደ ተቆረጠ ጀሪካን አዛውሬ እዚያው ቦታው ላይ እተውልዎታለሁ። በግቢዎ ካሉት አበቦች ሥሩ ያልበሰበሰው እሱ ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ጎማዎች ውኃ አቁረው ትንኝ እያረቡ ነው። ስለዚህ ጀሪካኑን ከታች በስቼ አመጣለሁ።