መጠነኛ የታማኝነት መጉደል

ሰኞ፣ ሰኔ 2002፣ ቢቸና

ኪቦርዴ ውስጥ ቆሎ ገብቷል። ጥፋተኛዋ የእህቴ ልጅ እመቤት ናት። ቅዳሜና እሁድ፣ ማመልከቻ በምጽፍባት ሱቄ ተቀምጣ የተማሪዎቿን የውጤት ሮስተር ስትሠራ አንድ ቁና ቆሎ ጨረሰች፤ ግማሹን እሷ፣ ግማሹን ኪቦርዱ በላ። ዛሬ "ረ"ን ስጫን አልሰማ አለኝ። ሰው እህቱን ሲወድ እንዲህ ይከስራል።

ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሞጣ ተመለሰች። እዚያ ማስተማር ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው፤ የሙከራ ጊዜዋ በዚህ ወር ያልቃል። ቋሚ ትሁን አትሁን የሚሉት ርእሰ መምህሩ ናቸው፤ የሚያዩትም ይህንኑ ሮስተር ነው። ዓርብ ለወላጆች ካርድ ይሰጣል።

ሮስተሩ የሚሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ኤክሴል፣ የእኔ 2007 ነው፤ የትምህርት ቤቷ 2003። እኛ ገና 2002 ላይ ቁጭ ብለን 2003 አሮጌ ሆነ መባሉ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ትናንት ፋይሉን ለአሮጌው እንዲስማማ አድርገን ስናስቀምጥ ማስጠንቀቂያ መጣ። እመቤት መጨረሻውን አነበበች፦ "ሚነር ሎስ ኦፍ ፊደሊቲ።"

"ምን ማለት ነው፣ አጎቴ?"

መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ፊደሊቲ፦ ታማኝነት፣ በተለይ በትዳር።

"መጠነኛ የታማኝነት መጉደል" አልኳት። "ማሽኑ ነቅቶብሻል። ግንደወይን ያለው እጮኛሽ ሰምቷል?"

"ተዉኝ እንግዲህ። ልቀጥል ወይስ ልተው?"

"ቀጥይ። መጠነኛ ነው ብሏል።"

ቀጠለች።

ማክሰኞ

ሁለት ፍሬ ቆሎ በመርፌ አወጣሁ። "ረ" ተመልሷል።

እመቤት ደወለች። ሮስተሩ በደህና ተከፍቷል፤ ቀለሙ ብቻ ትንሽ ተለውጧል። "ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ካለ ምን ቸገረሽ" አልኳትና ለራሴ ኮራሁ። ቅኔ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ በደጁ ግን ብዙ አልፌያለሁ።

ረቡዕ

ወርቁም የለም።

ከምሳ በፊት ደወለች፤ ድምጿ አንሷል። የሒሳብ መምህሩ የአንድ ተማሪ ውጤት ተሳስቷል ስላላት አስተካክላ ጻፈች። ወዲያው የልጁ አማካይ ጠፋና በቦታው "ኔም?" የሚል መጣ። የደረጃው ዓምድም ከላይ እስከ ታች ተከትሎት ሄደ።

"ርእሰ መምህሩ ከኋላዬ ቆመው ነበር" አለች።

"ምን አሉ?"

"ምንም። መነጽራቸውን አወለቁ።"

ሰውየውን አላውቃቸውም። ዝም ብሎ መነጽር የሚያወልቅ አለቃ ግን ያስፈራኛል።

"ሌላ ምንም እንዳትነኪ" አልኳት።

"እሺ። በቀልድዎ ጉድ አደረጉኝ፣ አጎቴ" አለችና ዘጋችው።

ከጠረጴዛ ሥር 2003 ያለባትን አሮጌዋን ኮምፒውተር አወጣሁ። 2007ን ካስገባሁ ወዲህ የእግሬ ማሳረፊያ ነበረች። አቧራዋን ጠርጌ የሮስተሩን ቅጂ ከፈትኩባት፤ ሁሉም ደህና። አንድ ውጤት ነካሁ። "ኔም?" አለች። ስም ማለቷ ነው። አማካዩን ያወጣንበትን፣ ከአዲሱ ኤክሴል ጋር የመጣውን ቀመር እሷ በስሙ አታውቀውም። ካልነኳት ያደረውን መልስ ይዛ ትቀመጣለች፤ እንደገና አስዪ ሲሏት ግን እንደ ዘበኛ "ማነው?" ትላለች።

በአዲሱ ላይ ማስጠንቀቂያውን ደግሜ አስመጣሁት። ለካ ሁለት ነው። ከታች መጠነኛ የታማኝነት መጉደል። ከላይ፣ ቁልጭ ብሎ፣ ከባድ የሥራ መጉደል። በታናሹ ስንስቅ ታላቁ እላያችን ላይ ቆሞ ነበር።

ሐሙስ

በጠዋት ተነሥቼ ቀመሩን አሮጌዋ በምትሰማው ቋንቋ ጻፍኩት። አዲሱን ስም ጣልኩና "ደምሪ፣ በትምህርቶቹ ቁጥር አካፍዪ" አልኳት። ይህንማ ድሮም ታውቀዋለች። አንድ ውጤት ነካሁ፤ አማካዩ ተንቀሳቀሰ፣ ደረጃው ተከተለ። አላመንኩም፤ ሌላ ነካሁ። ያው ነው። የነካካሁትን ወደ ቦታው መልሼ፣ የሒሳብ መምህሩን እርማት አስገብቼ አስቀመጥኩ። ማስጠንቀቂያ አልመጣም።

ፋይሉን የገለበጥኩበትን ፍላሽ በፌስታል ጠቅልዬ ለሞጣው ሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት።

"ምንድን ነው?" አለ።

"የእህቴ ልጅ ታማኝነት። እንዳይወድቅብህ።"

መስታወቱ ላይ አንጠለጠለው።

ከሰዓት ሾፌሩ "በእጇ ሰጥቻታለሁ" ብሎ ደወለ። የእሷ ስልክ ዝግ ነው።

ዓርብ

ካርድ የሚሰጥበት ቀን። ስልኳ አሁንም ዝግ ነው። ሥራ በዝቶባት ይሆናል። ወይ ተቀይማኛለች። ወይ ፋይሉ እንደገና ስም ጠይቋል። ለአንድ ሰው ማመልከቻ ስጽፍ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ በኪቦርዱ አላመካኘሁም።

ነገ ሞጣ እሄዳለሁ። ለርእሰ መምህሩ "ቀጥይ ያልኳት እኔ ነኝ" እላቸዋለሁ። የሚያወልቁት ሌላ መነጽር ካላቸው ያውልቁ።

ቅዳሜ

ጫማዬን አድርጌ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ይህችን ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ በሩ ተንኳኳ። "ማነው?" አልኩ፣ ልክ እንደ አሮጌዋ። መልስ ሳይመጣ በመስኮት አየሁ። የማላውቃቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ኮት ለብሰዋል፣ ፍላሽ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

"ከሞጣ ነኝ፤ የእመቤት ርእሰ መምህር" አሉ ከውጭ። "ወደ ደብረ ማርቆስ ሳልፍ ነው። ካርዱን ትናንት በደህና ሰጥታ፣ ታማኝነት የሚጠገነው እዚህ ነው ብላ ልካኝ ነው። የእኔም ጎድሏል።"

መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ እየወለወሉ ነው። ልክፈትላቸው።